የልብ ምርመራ ውጤቶች ሲጣረሱ፦ ከማዳመጫ እስከ ኢኮካርዲዮግራፊ

በመካነ ሰላምና በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ የሕፃናት የልብ ሕመም ጥርጣሬ በአብዛኛው የሚጀምረው በማዳመጫ ነው። ቁርጡን ለማወቅ ግን ታካሚው ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ መላክ ሊኖርበት ይችላል። የሁለቱ ውጤት ሳይስማማ ሲቀር ቤተሰቡ የትኛውን ይመን?

መልሱ በመሣሪያዎቹ ታሪክ ውስጥ ይገኛል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ላኤኔክ በ1816 ፓሪስ ላይ የሠራው ማዳመጫ የደምን አወራረድ በድምፅ ይለያል። አይንትሆቨንን በ1924 ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ኤሌክትሮካርዲዮግራም የልብን ኤሌክትሪክ ይመዘግባል። ኤድለርና ኸርትዝ በ1953 ሉንድ ውስጥ የጀመሩት ኢኮካርዲዮግራፊ ደግሞ ቫልቮቹን ያሳያል። ስለዚህ ደህና የሆነ ኤሌክትሮካርዲዮግራም ቫልቭ አለመታመሙን አያረጋግጥም፤ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ባለበት ሕፃን የተሰማ ለስላሳ ድምፅም በጤነኛ ልብ ላይ ሊከሰት ይችላል።

በ2007 የታተመ ጥናት በሞዛምቢክ ተማሪዎች መካከል የሩማቲክ የልብ በሽታ በማዳመጫ ከ1,000 በ2.3፣ በኢኮካርዲዮግራፊ ግን በ30.4 መገኘቱን አሳየ። ታዲያ ያለ ድምፅ የተገኘው ሁሉ ያሰጋልን? በሰሜን ኡጋንዳ ተካሂዶ በ2022 የታተመው ጥናት ስውር በሽታ የተገኘባቸውን ሕፃናት ለሁለት ዓመት ተከታተለ። በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ከተወጉት 0.8 በመቶ፣ ካልተወጉት 8.2 በመቶ ተባብሶባቸዋል፤ በሁለቱም ወገን ግማሽ ያህሉ ተሻሽሏቸዋል።

በሀገራችን የዘገየ ምርመራ ዋጋ ከባድ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ መርጃ ማኅበርን የመሠረቱት፣ በ2009ም በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከል የተከፈተው፣ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሕፃናት በመብዛታቸው ነው።

እንግዲህ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ የእግር ማበጥ ወይም በዲያስቶል የሚሰማ ድምፅ ካለ፣ አንድ ደህና ውጤት ሊያዘናጋ አይገባም። በ2015 የተሻሻለው የጆንስ መስፈርትም አጣዳፊ የሩማቲክ ትኩሳት ሲጠረጠር፣ ድምፅ ባይሰማም በኢኮካርዲዮግራፊ የታየ የቫልቭ ብግነትን ይቀበላል። ምልክት የሌለውና ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነ ሕፃን ግን ከትምህርትና ከጨዋታ ሳይከለከል ቀጠሮ ተይዞለት ምርመራው ሊደገምለት ይገባል። በሪፈር ወረቀቱ ላይም የተሰማው ድምፅና የታየው ምልክት በዝርዝር ይጻፍ፤ ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ ምን እንደተጠረጠረ ሊያውቅ የሚችለው ከዚያ ነውና።