ጾመ ሕርቃልና ሁዳዴ በአቃቂ

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ትጾማለች። ጌታ የጾመው 40 ቀን ከሆነ የቀረው 15 ከወዴት መጣ? ከሆሣዕና ዋዜማ እስከ ቀዳም ስዑር ያሉት 8ቱ ቀኖች ለሕማማት የተሰጡ ናቸው፤ መጀመሪያው ሳምንት ግን በቊስጥንጥንያው ንጉሥ ስም ጾመ ሕርቃል ይባላል።

ፋርሶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ614 ኢየሩሳሌምን ይዘው መስቀሉን ማርከው ወሰዱ፤ ሕርቃልም ድል አድርጎ በ630 መለሰው። የሀገራችን ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፣ ነፍስ የገደለ ዕድሜውን ሁሉ ይጹም የሚለውን ሥርዓት ፈርቶ ለዘመቻው ቢያመነታ፣ ክርስቲያኖች ጾሙን ተካፍለው ሊጾሙለት ቃል ገቡለት። በ10ኛው ምዕት ዓመት በእስክንድርያ የመልካውያን ፓትርያርክ የነበረው ሰዒድ ኢብን በጥሪቅ ግን ነገሩን በሌላ መልክ ጽፎታል፤ በእርሱ ዘንድ ጾሙ የታዘዘው ንጉሡ ቃል ኪዳኑን አፍርሶ ስላስፈጃቸው ስለ ኢየሩሳሌም አይሁድ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ አንደኛው ጾሙን የድል ዋጋ፣ ሁለተኛው የደም ካሣ ያደርገዋልና። የሆነው ሆኖ በሁለቱም ዘንድ የአንድ ንጉሥ ዕዳ በሕዝብ ትከሻ ተከፍሏል።

ሕዝቡ ለዐቢይ ጾም ያወጣለት ሁዳዴ የሚለው ስም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ያስገርማል። ሁዳድ በቀድሞው ሥርዓት ገበሬው ተሰብስቦ ለንጉሥ ወይም ለገዥ የሚያርሰው ሰፊ እርሻ ነበር፤ ጾሙም ስሙን ከዚህ አገኘ የሚሉ አሉ። የቃሉን ምንጭ በዚህ ብቻ መቍረጥ ባያስደፍርም፣ ከሕርቃል ሳምንት ጋር ሲታይ ትርጓሜው የሚስማማ ነው።

የጾሙ መግቢያ በባሕረ ሐሳብ እየተቀመረ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው መካከል ይውላል። በአቃቂና በቃሊቲ ሜዳ ደግሞ ገበሬው ይህን ወራት የሚያውቀው በአውድማው ነው። መሬቱ ውሃ የሚቋጥር ጥቁር መረሬ ስለ ሆነ፣ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ክረምቱ ሲያበቃ አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው፤ የሚታጨዱትና የሚወቁትም ጾሙ ሊገባ ሲል ነው። ስለዚህ ሥጋና ቅቤ ከማእድ በሚነሣበት ሰሞን ሽሮ የሚሆነው አዲስ እህል ወደ ጎተራ ይገባል። (ከአቃቂ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለችው ቢሾፍቱም በ1940ዎቹ ዓ.ም. ደብረ ዘይት ተብላ በጾሙ አምስተኛ እሑድ ስም ስትጠራ ኖራ፣ በኋላ የቀድሞ ስሟን መልሳለች።)

የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገውና ጢሰኛውን ለባለመሬቱ ካለበት ግዴታ ያወጣው አዋጅ የታወጀው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴ የገባው ከ6 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 1 ቀን ሰኞ ነበር።