የተቀናጀ ተባይ መከላከል፡- ከርጭት በፊት አሰሳ

የተቀናጀ ተባይ መከላከል ተባይን ፈጽሞ ማጥፋት ሳይሆን፣ የሚያደርሰው ጉዳት ከመከላከያው ወጪ በታች ሆኖ እንዲቆይ በልዩ ልዩ ዘዴዎች መግታት ነው። ኬሚካል የሚታሰበው ሌሎቹ ዘዴዎች ሳይበቁ ሲቀሩ ነው።

በሀገራችን የዘዴው አስፈላጊነት ጎልቶ የታየው የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተከስቶ በአጭር ጊዜ ወደ ሌሎች በቆሎ አብቃይ አካባቢዎች በተዛመተበት ወቅት ነው። ያደገው ተምች በበቆሎው እምብርት ውስጥ ገብቶ በዓይነ ምድሩ ስለሚሸፈን የሚረጨው ኬሚካል አይደርስበትም። በመሆኑም የዘገየ ርጭት ገንዘብ ከማባከኑም በላይ የተባዩን የተፈጥሮ ጠላቶች ይፈጃል። ከእነዚህም አንዷ፣ በሀገራችን በተካሄደ ጥናት ተምቹን እንደምታጠቃ የተረጋገጠችው ኮቴሲያ አይሲፔ የተባለች ጥቃቅን ተርብ ናት።

ስለሆነም ለአርሶ አደሩ ከርጭት ሥልጠና አስቀድሞ የአሰሳ ትምህርት ሊሰጠው ይገባል። ሰብሉ ከበቀለ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በማሳው 5 ቦታዎች በእያንዳንዱ 10 ተክል ይፈተሻል። ሰብሉ ገና ለጋ ሳለ ከ50ው ተክል 10 ያህሉ ትኩስ ጉዳት ከታየባቸው ርጭት ሊታሰብ ይችላል፤ ከዚያ በታች ከሆነ እንቁላሉን በጣት መደፍጠጥና ትሉን በእጅ መልቀም ይመረጣል። በአንድ ቦታ የተጣለ እንቁላል ከ100 እስከ 200 ሊደርስ ስለሚችል ልፋቱ ከንቱ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ለቀማ ለአነስተኛ ማሳ እንጂ ለሰፋፊ እርሻ አያመችም።

ዴስሞዲየምን በበቆሎ መስመሮች መካከል፣ ብራካሪያ ሣርን በማሳው ዙሪያ መትከልም ተምቹን ከመቀነሱ ባሻገር አቀንጭራን ይገታል፤ ለከብት መኖም ይሆናል። የዘር አቅርቦት ካልቀደመ ግን ምክሩ ብቻውን ፋይዳ የለውም።

በመኖሪያ ቤት ዋነኛው ሥጋት ነቀዝን ለመከላከል ሲባል የሚደርሰው መመረዝ ነው። የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል ገዳይ ጋዝ ስለሚለቅ ሰው በሚያድርበት ቤት ሊቀመጥ አይገባም። እህልን በሚገባ አድርቆ አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ ያለ ኬሚካል ነቀዙን ይገድላል። ባዶ የኬሚካል ዕቃም ታጥቦም ቢሆን ለዘይትም ሆነ ለውኃ መያዣ አይውልም።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ስለ ፀረ ተባይ ምዝገባ፣ ሽያጭና አጠቃቀም ይደነግጋል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ኬሚካል ከማሠራጨታቸው በፊት የየቀበሌውን የአሰሳ ውጤት ቢጠይቁ፣ ርጭቱ በትክክል ለሚያስፈልገው ማሳ ይውላል።