99ኛው ስኳድሮንና የፍርድ ሚዛን

ሰውን ሳይመዝኑ መፍረድ በየዘመኑ የታየ ስሕተት ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ አስቀድሞ ተፈርዶባቸው በሥራቸው ከሻሩት መካከል አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሰለፈው የአሜሪካ 99ኛው ተዋጊ ስኳድሮን ነው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1925 የአሜሪካ ከፍተኛ የጦር ኮሌጅ ባቀረበው ጥናት ጥቁሮች በአእምሮም በጀግንነትም ከነጮች ያንሳሉ ሲል ጽፎ ነበር። ይህ አስተያየት ሥር ሰድዶ ስለ ነበረ፤ የጦሩ የአየር ክፍል ለአብራሪነት ጥቁር አሜሪካዊ አይቀበልም ነበር። ይሁን እንጂ የበረራ ፍላጎት የነበራቸው ጥቁሮች አልጠፉም። ከነዚህም አንዱ በአላባማ የሚገኘው የቱስኪጊ ትምህርት ቤት ተማሪ የነበሩት ጆን ሮቢንሰን ናቸው። ትምህርት ቤታቸው የበረራ ትምህርት እንዲከፍት አስቀድመው ያሳሰቡት እኒህ ሰው፤ በ1935 ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በተዘጋጀችበት ጊዜ መጥተው በኮሎኔልነት ማዕርግ በአይሮፕላን አገልግለዋል። በ1944ም ተመልሰው ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አስተምረዋል፤ በ1954 ያረፉትም አዲስ አበባ ነው።

ስኳድሮኑ ማርች 22 ቀን 1941 ተቋቋመ። መካኒኮቹ በኢሊኖይ፤ አብራሪዎቹ በዚያው በቱስኪጊ ሠለጠኑ። ከመጀመሪያዎቹ 13 ዕጩዎች መካከል ማርች 7 ቀን 1942 የአብራሪነት ክንፍ የተቀበሉት 5 ብቻ ነበሩ። ከአምስቱ አንዱ የስኳድሮኑ አዛዥ የሆኑት ቤንጃሚን ዴቪስ ናቸው። እኒህ መኰንን በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት አራት ዓመት ሲማሩ፤ ከሥራ ጉዳይ በቀር የሚያነጋግራቸው ጓደኛ አልነበረም።

ስኳድሮኑ በኤፕሪል 1943 ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሻገረ። በፒ-40 አይሮፕላኖች ጁን 2 ቀን በፓንቴሌሪያ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን የጦርነት በረራ አደረገ፤ ጁላይ 2 ቀንም ቻርልስ ሆል በሲሲሊያ ሰማይ አንድ የጀርመን አይሮፕላን ጣሉ። ነገር ግን በመስከረም ላይ የበላይ አዛዡ ኮሎኔል ዊልያም ሞማየር፤ አብራሪዎቹ የመዋጋት ወኔ ይጐድላቸዋል ብለው ከጦር ግንባር እንዲነሡ የሚያሳስብ ሪፖርት አቀረቡ። ሪፖርቱም በየደረጃው ድጋፍ እያገኘ ወደ ላይ ወጣ።

ዴቪስ በኦክቶበር በዋሽንግተን ለጦር ሚኒስቴር ኮሚቴ መልስ ሰጡ። ስኳድሮኑ ወደ ጦርነት ሲገባ በውጊያ የተፈተነ አንድም መሪ በመካከሉ እንዳልነበረው፤ ምትክ አብራሪዎችም በጊዜው ስላልደረሱለት ያሉት ጥቂቶች ከሌሎች ይልቅ ደጋግመው ለመብረር እንደ ተገደዱ አስረዱ። ኮሚቴው ከተሰማ በኋላ ስኳድሮኑ ከሌሎች ፒ-40 ስኳድሮኖች ጋር ጐን ለጐን እንዲመረመር ተወሰነ። ምርመራው ገና ሳያልቅ፤ ጃንዋሪ 27 እና 28 ቀን 1944 በአንዚዮ ሰማይ የ99ኛው ልጆች ከ10 የሚበልጡ የጀርመን አይሮፕላኖች ጣሉ። በዚያው ዓመት የተፈጸመው ምርመራም ይህ ነው የሚባል ልዩነት እንዳልተገኘ ገለጸ። ስኳድሮኑም እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ተዋጋ። ጁላይ 26 ቀን 1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የዘር ልዩነት እንዲቀር አዘዙ፤ ለዚህ ትእዛዝ መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱ የነዚህ አብራሪዎች ሥራ ነው።

ከዚህ ታሪክ ስለ ሌሎች ሥራ ሪፖርት የሚጽፍና ሪፖርትን የሚያጸድቅ ሹም ሁሉ ብዙ ይማራል። የሞማየርን ወረቀት ያሳለፉት አለቆች፤ ስኳድሮኑ ምን ሠራ ብለው ሲጠይቁ ምን ተሰጥቶት ሠራ ብለው አልጠየቁም። ሁለተኛው ጥያቄ በተጠየቀ ጊዜ ግን ፍርዱ ተለወጠ። ተማሪውን የሚመዝን መምህርም፤ የበታቹን የሚመዝን አለቃም፤ ሁለቱን ጥያቄዎች አብሮ ቢጠይቅ ሚዛኑ ይቃናለታል።