ጥሪው የማይደርሰው መኪና፦ የጥገና ጥሪ ታሪክ ከመተማ ሲታይ

በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት የተደረገበት።



የዛሬው ርእሳችን ለታሪክ ጉባኤ እንግዳ ሊመስል ይችላል። አንድ ፋብሪካ በሠራው መኪና ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት ሲያገኝ ባለንብረቶችን ጠርቶ በነፃ የሚጠግንበት አሠራር፣ በተለምዶ «ሪኮል» የሚባለው፣ የመሐንዲሶችና የሕግ ሰዎች ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ አሠራሩ የራሱ ታሪክ አለው፤ ያም ታሪክ ከመተማ ሆነው ሲመለከቱት ከዲትሮይት ወይም ከቶኪዮ የማይታይ ገጽታ አለው። ጥያቄዎቼ ሁለት ናቸው። ጥሪው የደረሰው ባለመኪና ለምን ያመነታል? ጥሪው ከነጭራሹ የማይደርሰውስ ማን ነው?

መተማን አብዛኞቻችን የምናውቃት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ምድር በመሆኗ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን የጎንደርና የስናር ነጋዴዎች የሚገናኙባት ገበያ ነበረች። ሰሙ፣ ቡናው፣ በቅሎው፣ በባርነት የተያዘውም ሰው ሳይቀር በዚሁ በር አልፏል። በቅሎ የሚገዛ ነጋዴ ጥርሷን ይቆጥራል፤ ኮቴዋን ያነሣል፤ ሸክም ጭኖ ያስኬዳታል። ሻጩም በአብዛኛው እዚያው አጠገቡ ቆሟል። ጉድለቱ በዓይን ይታያል፤ ተጠያቂውም በአካል ይገኛል።

ሞተር ይህን ግንኙነት ለወጠው። በዚሁ ድንበር ላይ ሞተር ከተፈተነባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1940) በብርጋዴር ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ በገላባትና በመተማ የሰፈረውን የኢጣሊያ ጦር ያጠቃበት ዕለት ነው። ከእንግሊዝ ታንኮች አብዛኞቹ በፈንጂና በዚያ አካባቢ ቋጥኝ ሰንሰለታቸው ተሰብሮ ቆሙ፤ መለዋወጫ የጫነው መኪና ደግሞ በአየር ድብደባ ጠፋ። ገላባት ተይዞ መተማ ሳይያዝ ቀረ። ለሽንፈቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት። ለዛሬው ርእሳችን የሚጠቅመን ግን አንድ ነጥብ ነው፦ መሣሪያ ከሠሪው በራቀ መጠን ዕጣው የሚወሰነው በመለዋወጫው መድረስና አለመድረስ ነው።

አሁን ወደ ጥሪው ታሪክ እንሻገር። የመኪና አደጋ ለረጅም ዘመን የአሽከርካሪ ጥፋት ብቻ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ራልፍ ናደር የመኪና ፋብሪካዎችን የሚወቅሰውን መጽሐፉን አወጣ፤ በዓመቱ በመስከረም 1966 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የአሜሪካን የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ጉድለት የተገኘበት መኪና ሠሪ ለባለንብረቱ የማሳወቅ፣ ቀስ በቀስም በነፃ የመጠገን ግዴታ ተጣለበት። ይህ አሠራር የቆመው በሦስት ምሰሶዎች ላይ ነው፦ ሠሪው ጉድለቱን አምኖ መናገሩ፣ የባለንብረቱ ስምና አድራሻ በመዝገብ መገኘቱ፣ ጥገናውን የሚሠራ ጋራዥ በአቅራቢያ መኖሩ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከወደቀ ጥሪው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በዓለም ታሪክ ትልቁ የመኪና ጥገና ጥሪ የታካታ ኤርባግ ጉዳይ ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ታካታ ኤርባጉን ለሚነፋው ጋዝ ማመንጫ አሞኒየም ናይትሬት ይጠቀም ነበር። እርጥበትና የሙቀት መፈራረቅ ለዓመታት ሲደጋገምበት ይህ ኬሚካል ይፈረካከሳል፤ በግጭት ጊዜ ከታሰበው ፍጥነት በላይ ነድዶ የብረት ማቀፊያውን ይበትነዋል። ሕይወት ሊያድን የተሰቀለው ከረጢት የብረት ስባሪ ወደ አሽከርካሪው አንገትና ፊት ይወረውራል። ሆንዳ የመጀመሪያውን ጥሪ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ጋዝ ማመንጫዎች ተጠሩ። ታካታ በ2017 በማጭበርበር ወንጀል ጥፋተኝነቱን አምኖ የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ተጣለበት፤ በዚያው ዓመት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከተጠሩት መኪናዎች መካከል እንደ ኮሮላ፣ ያሪስና ቪትዝ ያሉ በእኛም ጎዳና የተለመዱ ስሞች ይገኛሉ።

እዚህ ላይ የአየር ጠባይ የታሪኩ አካል ይሆናል። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አገሩን በሙቀትና በእርጥበት ከፍሎ፣ እንደ ፍሎሪዳ ያሉትን ሞቃትና ወበቃማ ግዛቶች በቅድሚያ እንዲጠገኑ አዟል። የምዕራብ ጎንደርን ቆላ የምታውቁ ንጽጽሩ አያዳግታችሁም። በመተማ፣ በሽንፋ፣ በቋራ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ጥቁሩ መሬት ውሃ አቁሮ አየሩ ይከብዳል። ጥላ በሌለበት ቀኑን ሙሉ የዋለ መኪና ውስጡ ከውጩ ይልቅ ይግላል፤ ሌሊቱን ይቀዘቅዛል። ያ ኬሚካል የሚያረጅበት መንገድ ይኸው ነው።

አሁን ጥሪው የማይደርሰው ማን እንደሆነ እንመልከት። አንድ ቪትዝ በጃፓን ተሸጦ፣ ለዓመታት ተነድቶ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ወደ ኢትዮጵያ ይገባል። አስመጪው ለአንዱ፣ እሱም ለሌላው ይሸጠዋል። የስም ዝውውር ወጪና ምልልስ ስላለው ሽያጩ ብዙ ጊዜ በውክልና ያልቃል፤ ሊብሬው በቀድሞው ሰው ስም ይቀራል። መኪናው ገንዳ ውሃ ሲደርስ የያዘው ሰው በየትኛውም የፋብሪካ መዝገብ የለም። በራሱ ተነሣሥቶ ሊያጣራ ቢፈልግም እንቅፋት ይገጥመዋል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና የሻንሲ ቁጥር እንደ አሜሪካው 17 ፊደልና አኃዝ የለውም፤ ስለዚህ በአሜሪካው የፍለጋ ገጽ ቢያስገባው አይቀበለውም። የሚመልስለት የጃፓኑ የፋብሪካ ገጽ ነው፤ እሱም በአብዛኛው በጃፓንኛ የተጻፈ ነው።

ከሦስቱ ምሰሶዎች ሁለተኛው እንዲህ ይወድቃል። ሦስተኛውም ከዚህ አይሻልም። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው፤ በፋብሪካው የሚታወቀው ወኪል ጋራዥ ደግሞ ለብዙዎች አዲስ አበባ ነው።

ጥሪው የደረሰው ባለመኪና የሚያመነታውም ከዚህ የተነሣ ነው። ማመንታቱን ድንቁርና ብለን ካለፍነው ታሪኩን አንረዳውም። መኪናው እንጀራው ነው፤ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ሠራተኛና ጭነት የሚያመላልስበት አንድ ሳምንት የዓመት ገቢውን ይነካል። መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ጋራዥ ገብቶ ደኅናው ዕቃ በአሮጌ ተቀይሮ የወጣ መኪና ወሬ ሰምቷል፤ «በነፃ» የሚለው ቃልም ከማባበል ይልቅ ያስጠረጥረዋል። በዚያ ላይ መኪናው ይሄዳል፤ ፍሬኑ ይይዛል፤ ሞተሩ ደኅና ነው። ጉድለቱ የሚገለጠው በግጭት ቅጽበት ብቻ ነው። የበቅሎዋን ጥርስ የሚቆጥር ዓይን እዚህ አይረዳም።

ማመንታቱ የእኛ ብቻም አይደለም። አድራሻው በታወቀበት፣ ጋራዡ በቀረበበት በአሜሪካ እንኳ ሚሊዮኖች ደብዳቤው ደርሷቸው ለዓመታት አልተጠገኑም። ፋብሪካዎቹም ለዚህ አስተዋጽኦ አድርገዋል። መለዋወጫ ባጠረበት ጊዜ አንዳንድ መኪናዎች በዚያው ዓይነት አዲስ ጋዝ ማመንጫ ተጠግነው፣ ከዓመታት በኋላ እንደገና ተጠርተዋል። ሁለት ጊዜ የተጠራ ሰው ሦስተኛውን ቢጠራጠር አያስደንቅም።

ያም ሆኖ ሚዛኑን ስናየው አንደኛው ወገን ይከብዳል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2016 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በተወሰኑ አሮጌ የሆንዳ መኪናዎች ላይ ያለው ጋዝ ማመንጫ ግጭት ሲደርስ የመበተን ዕድሉ እስከ 50 በመቶ እንደሚደርስ ገልጾ ከናካቴው እንዳይነዱ መክሯል። ሁሉም መኪና በዚህ ደረጃ የሚያሰጋ አይደለም፤ ግን አደጋው ከዕድሜ ጋር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እኛ ዘንድ ደግሞ መኪና ዕድሜው ይረዝማል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪናዎች ላይ ቀረጡን አክብዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ መኪናዎች እንዳይገቡ መታገዱ ተገልጿል። የሁለቱም ዓላማ ምንም ይሁን ምን፣ ቀድሞ የገባው መኪና ለብዙ ተጨማሪ ዓመታት በእጃችን ይቆያል ማለት ነው።

ሕጋችን ለዚህ ጉዳይ ባዶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085 ለትርፍ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደ ደንቡ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ ያደርገዋል። በቁጥር 2081 ደግሞ የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነው። ሁለቱን አንቀጾች ከድንበሩ ሆናችሁ አንብቧቸው፤ ሠሪው በባሕር ማዶ ነው፤ ባለቤቱ እዚህ ነው። በወረቀት እኩል የተጻፈው ኀላፊነት በተግባር የሚያርፈው በቅርቡ ሰው ላይ ነው።

ንጽጽር ከፈለግን ከራሳችን ሐዘን እንውሰድ። የኢንዶኔዥያው ቦይንግ 737 ማክስ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. 189 ሰዎችን ይዞ ከወደቀ በኋላ ለአብራሪዎች መመሪያ ተላለፈ፤ አውሮፕላኑ ግን መብረሩን ቀጠለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርቱ አብራሪዎቹ በአምራቹ የተሰጠውን መመሪያ ደጋግመው መፈጸማቸውን አመልክቷል። እነሱ ጥሪውን ተቀብለው ነበር፤ እውነቱን አሟልቶ ያልተናገረው ጥሪው ነው። የመጀመሪያው ምሰሶ መውደቅ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የከበደ ምሳሌ የለንም።

የታሪኩ ሌላ ገጽም አለ። ከአደጋው በኋላ በቀናት ውስጥ የዚያ ዓይነት አውሮፕላን በመላው ዓለም ቆመ። ይህ የተቻለው እያንዳንዱ አውሮፕላን የት እንዳለ፣ በማን እጅ እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። የአየር መንገዳችን ማክሶች ወደ በረራ የተመለሱት ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጥር 2014 ዓ.ም. ነው። የአውሮፕላን መዝገብ ድንበር ተሻግሮ ይከተለዋል፤ የመኪና መዝገብ ግን ጉምሩክ ላይ ይቀራል።

መዝገቡን ማስከተል ግን ይቻላል። አውስትራሊያ በ2018 የታካታን ጥሪ በሕግ አስገዳጅ አድርጋ፣ በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ አጠናቃለች። ጃፓን ደግሞ አደገኛ ኤርባግ ያልቀየረ መኪና የቴክኒክ ምርመራ እንዳያልፍ አድርጋለች። ሁለቱም ጥሪውን ከባለቤቱ ፈቃድ ብቻ አውጥተው ከመዝገቡ ጋር አሰሩት። እኛም በአዋጅ ቁጥር 681/2002 የተደነገገ ዓመታዊ ምርመራ አለን። መኪናው ቦሎ ሊለጥፍ በመጣ ቁጥር መርማሪው የሻንሲ ቁጥሩን ያያል። ያንኑ ቁጥር ከፋብሪካዎቹ የጥሪ ዝርዝር ጋር ማመሳከር አዲስ ተቋም አይጠይቅም። በጉምሩክ ጣቢያም ይኸው ቢደረግ ጥያቄው ከግዢ በፊት ይነሣል።

ያ እስኪሆን ድረስ የገዢው ጥንቃቄ ይቀራል። ከመግዛቱ በፊት ቁጥሩን በተሠራበት አገር ዝርዝር ያስፈልግ፤ ከወደቀ መኪና የተፈታ ኤርባግ አይግጠም፤ የኤርባግ መብራት ሲበራ አምፖሉን አስነቅሎ አይለፈው። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ የቆላውን መንገድ ታሪክ ስትጽፉ ከሰሊጡና ከጦርነቱ ጎን የሊብሬውንም ታሪክ ጻፉ፤ ማን ለማን በውክልና እንደሸጠ፣ ስሙ የት ላይ እንደተቋረጠ። የጥገና ጥሪው የጠፋው እዚያ ነውና።