የሐውድ ሣርና የነገሥታት ውል

እስቲ ጠጋ በሉና የሐውድን ነገር ስሙ።

ሐውድ ከጅጅጋ ማዶ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ወንዝ አይፈስበትም፤ ዝናብ ሲጥል ግን ሣሩ ተዝቆ አያልቅም። በሰሜን በኩል ያለው የሶማሌ አርብቶ አደር በጋውን ከጉድጓዶቹ አጠገብ ይሰነብትና፣ «ጉ» የሚለው የበልግ ዝናብ ሲወርድ ግመሉን አስነስቶ ወደ ሐውድ ይዘልቃል። ሜዳው ሲደርቅ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። አያት ቅድመ አያቱም እንዲሁ ሲመላለሱ ኖረዋል።

ከ1876 ዓ.ም. ጀምሮ እንግሊዞች በበርበራ በኩል መጡና ከየጎሳው ሽማግሌዎች ጋር ተዋዋሉ። ሽማግሌዎቹ ምድራችንን ከእንግሊዝ በቀር ለማንም አንሰጥም አሉ፤ እንግሊዝም እጠብቃችኋለሁ አለች።

ዓድዋ በ1888 ሆነ። ኢትዮጵያ በዓለም ፊት የከበረችበት፣ አፄ ምኒልክም ግዛታቸውን ከሐረር ወዲያ የሚያሰፉበት ዘመን ነበር። እንግሊዝ በሱዳን ከመሐዲስቶች ጋር ስትዋጋ ምኒልክ ከነሱ ጋር እንዳይወግኑ ፈለገች። በ1889 ሬኔል ሮድ የሚባል መልእክተኛ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ግንቦት ላይ ውሉ ተፈረመ። ወሰኑን ደግሞ ከሐረሩ ገዥ ከራስ መኮንን ጋር ተጻጽፈው ለዩት። የሐውድ ግጦሽ አብዛኛው ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። ልብ በሉ፤ ከብቱን እዚያ የሚያሰማራው ሰው አልተጠየቀም። ሆኖም ከውሉ ጋር አንድ ትልቅ ቃል ገብቷል፦ በወሰኑ ግራና ቀኝ ያሉ ጎሳዎች ወደ ግጦሹና ወደ ውኃው እንደ ልባቸው ይሻገሩ የሚል።

ወሰኑን በምድር ላይ ለማመልከት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ኮሚሽን ያን ሥራ ፈጽሞ በ1927 ኅዳር ከሐውድ በስተደቡብ ባለው በኦጋዴን ምድር ወልወል ጉድጓዶች ዘንድ ሲደርስ፣ ከሶማሊያ ግዛቱ የመጣ የጣሊያን ጦር ውኃውን ይዞ ቆየው። ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ። ከኢትዮጵያ ወገን ፊታውራሪ ዓለማየሁ ጎሹ እዚያው ወደቁ። ፋሺስቱ ይህን ሰበብ አድርጎ በ1928 መስከረም ወረረን፤ ኦጋዴንንም ቆርጦ ከሶማሊያ ግዛቱ ጋር ቀላቀለው።

ጣሊያን በ1933 ቢባረርም፣ ሐውድ ወዲያው ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም። እንግሊዝ ለጦርነቱ ያስፈልገኛል ብላ በ1937ቱ ስምምነት ሐውድንም ኦጋዴንንም በእጇ አቆየች። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቤቪን እንዲያውም ኦጋዴንን ከሁለቱ ሶማሌላንዶች፣ ከእንግሊዙና ከጣሊያኑ ጋር፣ በአንድ ሞግዚት ሥር እናድርግ አለ፤ ኢትዮጵያ እምቢ አለች፤ ሐሳቡም ቀረ። በ1941 መባቻ ኦጋዴን ተመለሰ። ስለ ሐውድ መመለስ ደግሞ ኅዳር 20 ቀን 1947 ለንደን ላይ ውል ተፈረመ፤ በየካቲት እንግሊዝ ለቀቀች።

ለኢትዮጵያ ይህ በውል የተረጋገጠ ግዛቷ መመለሱ ነበር። ወሬው በእንግሊዝ ሶማሌላንድ ሐርጌሳ ሲደርስ ግን ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። እንደ ማይክል ማሪያኖ ያሉ የሶማሌ መሪዎች ለንደን ድረስ ሄደው «ከአባቶቻችን ጋር የገባችሁት ቃል ወዴት ሄደ?» ብለው ሞገቱ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1889 በተፈረመው ታስሬያለሁ አለ። አንዲት አገር ለሁለት ወገን ቃል ሰጥታ፣ የበረታውን ቃል ብቻ ጠበቀች።

በ1952 ሶማሊያ ነጻ ስትወጣ፣ ኢትዮጵያ የግጦሹ መብት ከእንግሊዝ ጋር አብሮ አበቃ አለች፤ ሶማሊያም ወሰኑን አልቀበልም አለች። በ1956 ተዋጉ። በ1969 እና በ1970 ደግሞ እጅግ የከፋው ጦርነት መጣ። ከሁለቱም ወገን ስንት እናት ልጇን ቀበረች!

እኔ የምላችሁ ይህን ነው። የሐውድ ወሰን ከተሰመረ ጀምሮ መንግሥታት ተፈራርቀዋል፤ መንጋው ግን ዛሬም ዝናቡን ተከትሎ ይሻገራል፤ የሐውድ በግና ፍየል ዛሬም በበርበራ ወደብ ወደ ዓረብ አገር ይጫናል። ከዚያ ሁሉ ውል ውስጥ ለሰው የጠቀመው ያ የግጦሽና የውኃ ቃል ብቻ ነው። ሲከበር ሰው በሰላም አደረ፤ ሲጣል ደም ፈሰሰ። ስለዚህ ወደፊት ስለ ወሰን የሚቀመጥ ሁሉ አስቀድሞ አርብቶ አደሩን ይጥራና ይጠይቀው፦ በየትኛው ወር ትሻገራለህ? ከየትኛው ጉድጓድ ታጠጣለህ? መልሱም በውሉ መጀመሪያ ይጻፍ።