ጠጠሩና ከረጢቱ

በጋ ሲገባ የሽንፋ ወንዝ ይቆራረጣል። በክረምት ሲጋልብ የከረመው ውሃ እዚህም እዚያም ኩሬ ሆኖ ይቀርና፣ በኩሬና በኩሬ መካከል ያለውን አሸዋና ጠጠር ፀሐይ ይመታዋል። የአገሩ ልጆች ለቅልሞሽ የሚሆን ጠጠር የሚለቅሙት ያን ጊዜ ነው። ጠጠሩ ድቡልቡል፣ ለመዳፍ የማይከብድ፣ ወደ ላይ ሲወረወር ዓይን የማይስተው መሆን አለበት። አምስት ሲሞላ ጨዋታው ይጀመራል፤ አንዱን ወደ ላይ ወርውሮ፣ እሱ ሳይወርድ የቀሩትን ከመሬት ማፈስ ነው። «ቅልሞሽ የሴት ነው» ይባላል። ይባል እንጂ እህት ያለው ወንድ ሁሉ ተጫውቶታል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ጠጠሩ ሳይሆን ጠጠሩ የሚቋጠርበት ከረጢት ነው። «ይኼ ደግሞ ታሪክ ሆነና!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለ መተማና ስለ ቆላው አገር እጽፋለሁ ብሎ የተነሣ ሰው፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የወደቁበትን ጦርነት ትቶ፣ ከቋራ የተነሣውን ካሳንም ትቶ፣ ስለ አንዲት የቆዳ ከረጢት ሲያወራ ቢገኝ ያስቅ ይሆናል። ይሳቅ። የጦርነቱን ታሪክ የጻፉ ብዙ ናቸው፤ የከረጢቷን ግን የጻፈ አላጋጠመኝም።

አያቴ አንዲት የፍየል ቆዳ ከረጢት ነበረቻቸው። ስፌቷ በጅማት፣ አፏ በጠፍር የሚሳብ፣ ከእጅ ጭብጥ እምብዛም የማትበልጥ። ውስጧ አምስት የቅልሞሽ ጠጠሮችና አንድ ሁለት እፍኝ የቁርቁራ ፍሬ ነበር፤ ፍሬው ለገበጣ ነው። በልጅነታቸው ራሳቸው እንደሰፏት ይናገሩ ነበር። ማን አስተማረዎት ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ማን ያስተምራል? ቆዳ አለ፣ ወስፌ አለ» ብለው ዝም አሉኝ። መልሱ ያኔ አላረካኝም። ዛሬ ሳስበው ግን የጠየቅሁትን ሁሉ መልሰውልኛል።

ከሽንፋ ወንዝ ዳር አንድ ጥንታዊ ሥፍራ አለ፤ ተመራማሪዎቹ «ሽንፋ-መተማ 1» ብለውታል። ጆን ካፕልማን የሚመራው ቡድን የደረሰበትን ውጤት እ.ኤ.አ. በማርች 2024 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አውጥቷል። ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚያ ሰዎች ይኖሩ ነበር። በዚያው ዘመን በሱማትራ ደሴት የቶባ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ስለነበር፣ በዓይን የማይታየው የመስታወት ብናኝ ሽንፋ ድረስ መጥቶ ከአፈሩ ውስጥ ተገኝቷል። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ሲመረመር አየሩ እንደደረቀ ይመሰክራል። ሰዎቹ ግን አላለቁም፤ ወንዙ በበጋ ሲቆራረጥ በየኩሬው የታፈነውን ዓሣ እያወጡ ይበሉ ነበር። ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስሎችም ተገኝተዋል፤ የፍላጻ ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የፍላጻ ጫፍ ያለው ሰው ጫፎቹን በምን ይዞ ይዞር ነበር? በእጁ እንዳይባል እጁ ለቀስቱ ነው። ቆዳ ነበረው፤ ዱር ሙሉ አውሬ እያደነ ቆዳ አጣ አይባልም። ከአፈሩ የወጣው ግን ድንጋይ፣ አጥንትና ቅርፊት ነው። ቆዳው፣ ቅጠሉ፣ ቃጫው ሁሉ በስብሷል። እኛም የዚያን ዘመን ሰው «የድንጋይ ዘመን ሰው» ብለን ሰይመነዋል፤ ራሱ ቢጠየቅ ኖሮ «የቆዳ ዘመን ሰው ነኝ» ባለን ነበር። የቀረውን ነገር ስም ለነበረው ነገር ሁሉ ሰጥተናል ማለት ነው። የእኔ ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ነው፤ ጨዋታን የሚያጠኑ ሰዎችም ጠጠሩን ይዘው ከረጢቱን ጥለዋል።

በርግጥ ሁሉም ጨዋታ ከረጢት አይፈልግም። ገበጣን ተመልከቱ። ሪቻርድ ፓንክረስት፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ስለሚታወቁት የገበጣ ዓይነቶች ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ ባለ ሁለት ረድፍ፣ ባለ ሦስት ረድፍ፣ ባለ አራት ረድፍ፣ ደንቡ ከአገር አገር የሚለያይ። ከእንጨት የተጠረበ ገበጣ አለ፤ ያ የደላው ቤት ነው። እረኛ ግን በጣቱ መሬት ይቆፍራል፤ ጠጠር ከጠፋ የፍየል በጠጥ ይሆናል። ጨዋታው ሲያበቃ ተነሥቶ ይሄዳል። ሱዳኖቹ ጎረቤቶቻችንም ሲጃ የሚሉትን እንዲሁ አሸዋ ላይ አምስት በአምስት ጉድጓድ ጭረው ይጫወታሉ። መተማ ላይ የአንዱ አገር አሸዋ ከሌላው ስለማይለይ ጨዋታው ፓስፖርት አይጠየቅም። ንብረት የሌለው ጨዋታ ከረጢት ምን ያደርግለታል?

ከረጢት የሚመጣው የሚጠፋ ነገር ሲኖር ነው። ማንኛውም ጠጠር አልሆን ሲል፣ «ይቺ የኔ ናት» የምትባል ጠጠር ስትገኝ። የቅልሞሽ ጠጠር እንደዚያ ነው፤ እጅ ይለምዳታል። የሰንጠረዥም ዕቃ እንደዚያ ነው። ሰንጠረዥ በነገሥታቱና በመኳንንቱ ግቢ ለረጅም ዘመን ሲጫወቱት ኖረዋል። ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠባበቁ እንደፈለጉ የሚያንቀሳቅሱበት፣ የመጀመሪያው ዕቃ እስኪበላ የሚቆይ «ወረራ» የሚባል መክፈቻ ነበረው፤ እንዲህ ያለው አጀማመር ዛሬ ዓለም በሚጫወተው ሰንጠረዥ የለም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ትግራይ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል፤ ዕቃው ከዝሆን ጥርስ የተሠራ፣ ትልልቅና ሸካራ እንደነበር ጽፏል። የዝሆን ጥርሱ ዕቃ በምን ይቀመጥ ነበር? ማንስ ሰፋው? ራሱ የሚጫወተው መኳንንት እንዳልሰፋው የታወቀ ነው።

የሚሰፋው ሌላ ነው። ቆዳ ማልፋትና መስፋት በአገራችን ያስንቅ ነበር። «ፋቂ» ማለት ሙያ ሳይሆን ስድብ ነበር፤ «ቀጥቃጭ»፣ «ሸማኔ»፣ «ሸክላ ሠሪ» ከነ«ቡዳ»ው እንደተጨመረበት። የሚያስገርመው ይኼ ነው፤ ዳዊቱ የሚገባበት ማህደር ቆዳ፣ በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብ የሚሸፈነው በቆዳ፣ እህሉ በአቁማዳ፣ ዱቄቱ በስልቻ፣ ጥይቱ በቆዳ ዝናር። ሰው ከተወለደ ጀምሮ የሚታዘለው በቆዳ አንቀልባ ነው። ይህን ሁሉ የሰፋው እጅ ግን በታሪክ መጽሐፋችን የለም። ክታብና የጠጠር ከረጢት፣ ብታዩአቸው፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ክታቡ አፉ ተሰፍቶ የተዘጋ፣ ከረጢቱ አፉ የሚከፈት። አንዱ እንዳይከፈት ይፈራል፣ ሌላው ካልተከፈተ ጨዋታ የለም።

በነገራችን ላይ «ኮሮጆ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። የእቃ መያዣ ነበር፤ ዛሬ ግን «ኮሮጆ» ሲባል ሰው የሚያስበው የምርጫ ድምፅ መክተቻውን ነው፤ «ኮሮጆ ግልበጣ» እስከሚባለው ድረስ። ያም ቢሆን ዕጣ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ወደዚያ አልገባም።

ወደ ጥንቱ ዓለም ብንሻገር የከረጢቱን ነገር በትክክል ያሰቡበት ግሪኮች ይመስሉኛል። ልጆቻቸው ከበግና ከፍየል የኋላ እግር ቁርጭምጭሚት የሚወጣውን ትንሽ አጥንት ይጫወቱበት ነበር፤ አንዳንዴ እንደ ቅልሞሽ እየወረወሩ፣ አንዳንዴ በየትኛው ጎኑ እንደወደቀ እየቆጠሩ። ከቅልሞሹ ጋር የሚያዛምደን ይኸው ነው፤ የዛሬው ባለ ስድስት ፊት ዳይስም የዚያ አጥንት ዘመድ ነው። አጥንቱን የሚይዙበትን ከረጢት «ፎርሚስኮስ» ይሉት ነበር። ከረጢቱ እንደማንኛውም ከረጢት በስብሶ ይጠፋ ነበር፤ ነገር ግን አቴናውያን በሸክላ እየሠሩ፣ ቅርጹን ከነመሳቢያው አስመስለው፣ ከሙታን ጋር ቀበሩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛውና በ5ኛው መቶ ዓመት የተሠሩት እስከ ዛሬ በየሙዚየሙ ይታያሉ። ሸክላ ሠሪው ለሰፊው ምስክር ሆነለት ማለት ነው። እኛ አገር ሁለቱም የተናቁ ነበሩና እንዲህ ያለውን ውለታ የዋለ ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

ከቆዳው ቀጥሎ ጨርቅ መጣ። መተማ የጥጥ አገር ነው። ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 በዚያ ሲያልፍ የተክሩር ሰዎች ሠፍረውበት፣ የደጋውና የሱዳኑ ነጋዴ የሚገናኝበት ገበያ ሆኖ አግኝቶታል። ሻንቅላ እያሉ ሲፈነግሏቸው የኖሩት ጉሙዞችም በዚያው ቆላ የኖሩ ባለ አገር ናቸው። ጥጥ አለ ማለት ፈትል አለ ማለት ነው፤ ሴቶቹ የሚፈትሉት። ነገር ግን ሴቶቹ ራሳቸው ከረጢት አላስፈለጋቸውም ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ብራቸውን በመቀነት፣ ሳንቲማቸውን በነጠላ ጫፍ ይቋጥራሉ። ቋጠሮ ስፌት የሌለው ከረጢት ነው። ኋላ አቡጀዲ ገባ፣ በየሱቁ በረንዳ ሲንጀሩን የሚያንቀጫቅጭ ልብስ ሰፊ ተቀመጠ፣ ቁራጭ ጨርቅ ረከሰ። ከዚያ ወዲያ ጆንያ፣ ከጆንያም ወዲያ «ማዳበሪያ»። ማዳበሪያ ያልኩት የላስቲኩን ከረጢት ነው፤ ሰሊጥም ይያዝበት ማሽላ ስሙ ማዳበሪያ ነው። ወደ ከተማ ከመጣን ወዲያ ደግሞ ብይ በካልሲ፣ የዳማ ቆርኪ በፌስታል ይያዛል። ካልሲው ጥሩ ከረጢት ነው፤ የጎደለው ወንድሙ ብቻ ነው።

የውጭው ዓለም ወጣትም ከዚሁ አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለ የጠረጴዛ ጨዋታ አወጡ፤ ተጫዋቾች ክብ ተቀምጠው ተረት አብረው የሚፈጥሩበት፣ ጀግናው ይዳን ይሙት በዳይስ የሚወሰንበት። ዳይሱ ባለ ስድስት ፊት ብቻ ሳይሆን ባለ አራት፣ ባለ ስምንት፣ ባለ አሥራ ሁለትና ባለ ሃያ ፊትም ነው። ባለ ሃያው አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ የግሪክ ፊደል የተቀረጸበት የጥንት ግብፅ ባለ ሃያ ፊት በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም አለ። ተጫዋቾቹ ዳይሳቸው ሲበዛ ከረጢት መስፋት ጀመሩ። ኮምፒዩተር ባለበት አገር፣ የተሰፋ እየተሸጠ፣ መርፌና ክር ይዘው የሚቀመጡ ብዙ ናቸው። አያቴ ይኼን ቢሰሙ «ቆዳ አለ፣ ወስፌ አለ» ከማለት በቀር ምንም አይገርማቸውም ነበር።

እኛም ዶርም ውስጥ ሉዶ ነበረን። የዳይሱ ነገር መከራ ነው፤ አልጋ ሥር ይገባል፣ በጫማ ይረገጣል፣ ሁለቱ ጠፍተው በሦስተኛው ስንጫወት ሰነበትን። አንድ ቀን መብራት በሌለበት ማታ ከረጢት ለመስፋት ተነሣን። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ጨርቁን በሁለት አጥፎ በውጭ ጎኑ ሰፍቶ መገልበጥ ነው፤ ስፌቱ ወደ ውስጥ ይገባል። አፉ አካባቢ ጠርዙ ታጥፎ ሲሰፋ ክር የሚያልፍበት መንገድ ይቀራል፤ ክሩን ጫፉ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክቶ መግፋት ነው፣ በጣት አይሞከርም። ሁለተኛው የአያቴ ነው። ሰሐን አስቀምጦ ዙሪያውን ማስመር፣ ክቡን መቁረጥ፣ ዳር ዳሩን በወስፌ መብሳት፣ በቀዳዳዎቹ ጠፍር ማሾለክ። ሲሳብ ከረጢት ነው። ሲለቀቅ ክብ ምንጣፍ ሆኖ ይዘረጋል፤ ጠጠሩ እዚያው ላይ ይፈሳል፣ ጨዋታውም እዚያው ላይ ነው። ይኼን ያወቅሁት ያን ማታ ነው። የአያቴ ከረጢት አቧራ እንዳይነካው ሲዘረጉት ስንት ጊዜ አይቼ፣ መያዣው ራሱ ሜዳ መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ በመተማ በኩል ብዙ ሕዝብ ወደ እኛ ተሻገረ። ቋጠሮ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ የእኛም ሰው በክፉ ዘመን በዚያው መንገድ ወደዚያ ሄዷል። ሰው ለመሸሽ ሲነሣ ምን እንደሚያነሣ አስቤ አላውቅም ነበር። እህቴን በስልክ ጠየቅኋት።

«እታለም፣ የአያቴ ከረጢት የት ደረሰች?»

«ምስጥ በላት» አለች። «እኛም ግርግር በተነሣ ጊዜ ቤቱን ጥለን ሄደን ስንመለስ ከነሳጥኑ በልቷት አገኘን። ጠፍሯ ብቻ ቀርታለች። ጠጠሮቹ አሉ። አንዱ የለም እንጂ።»

«ስንት ናቸው?»

«አራት። ለምን ፈለግሃቸው?»

ለምን እንደፈለግኋቸው ቶሎ አልመለስኩላትም። ከቆዳ ቁራጭ ሻጭ አንድ የፍየል ቆዳ ገዝቻለሁ፤ ሰሐኑን አስቀምጬ ዙሪያውን አስምሬያለሁ። እሷ ጠፍሯን ልትልክልኝ ነው። አምስተኛውን ጠጠር ወንዙ ሲቆራረጥ ልጆቿ ይለቅሙታል።