ስለ ቴርሞስታት ጥንተ ነገርና ስለ መንቀሉ ልማድ

የአውቶሞቢል ሞተር ከተፈለሰፈበት ዘመን ጀምሮ ሁለት ጠላቶች አሉት፤ አንደኛው ከመጠን ያለፈ ሙቀት፣ ሁለተኛው ከመጠን ያነሰ ሙቀት ነው። የፊተኛውን ራዲያተሩ ሲፈላና እንፋሎቱ ሲትጎለጎል ሰው ሁሉ በዓይኑ ስለሚያየው እርሱን ብቻ ሲፈራ ይኖራል፤ የኋለኛው ግን ሲሊንደሩን በስውር እየበላ፣ ዘይቱን እያጠቆረ፣ ቤንዚኑን በከንቱ እያባከነ ዓመታት ቢያስቆጥር እንኳ የሚከስሰው አይገኝም። በሀገራችን ጋራዦች የሞተሩን ሙቀት ልክ የሚወስነውን ቴርሞስታት ነቅሎ የመጣል ልማድ ሥር የሰደደው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ይሁን እንጂ በልማዱ ላይ ከመፍረድ በፊት የነገሩን ጥንት መመርመር ይገባል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1886 ካርል ቤንዝ በጀርመን አገር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበባት ባለ ሦስት መንኰራኵር ተሽከርካሪ፣ ሞተሯን የምታቀዘቅዘው ውሃውን እያፈላች በእንፋሎት መልክ ወደ አየር በመስደድ ነበር። ስለዚህም በ1888 ባለቤቱ በርታ ቤንዝ፣ ባሏ ሳያውቅ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ተነሥታ ወደ ፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በተጓዘች ጊዜ፣ ባገኘችው ስፍራ ሁሉ እየቆመች ውሃ መሙላት ነበረባት። ከዚህ በኋላ ዊልሄልም ማይባህ የተባለው መሐንዲስ በ1901 ለወጣው መርሴዲስ የማር እንጀራ የመሰለውን ራዲያተር፣ 8,070 ጥቃቅን ቱቦዎችን ጎን ለጎን በይዶ በሠራ ጊዜ፣ ሞተርን የማቀዝቀዝ ችግር በአብዛኛው ተፈታ። ማቀዝቀዝ ግን አንድ ነገር ነው፤ የሙቀቱን ልክ መወሰን ሌላ ነው። ከ1908 ጀምሮ በሚሊዮን እየተቈጠረ የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ እንኳ ውሃው ሲሞቅ ወደ ላይ፣ ሲበርድ ወደ ታች በሚሄድበት የተፈጥሮ ሕግ ብቻ እየተመራ፣ በአብዛኛው ፓምፕም ቴርሞስታትም ሳይኖረው ይሠራ ነበር።

ልክ የመወሰኑን ሥራ ከጀመሩት አንዱ ካዲላክ ሲሆን፣ እርሱም በ1914 ባወጣው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ላይ የውሃውን ዝውውር እንደ ሙቀቱ መጠን የሚቈጣጠር መሣሪያ አኖረ። የዚያ ዘመን ቴርሞስታት በውስጡ አልኮል ያለበት፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የናስ ከረጢት ነበር፤ ይኸውም አልኮሉ ሲሞቅ እየተነፋ የውሃውን በር የሚከፍት ሲሆን፣ የራዲያተር ክዳን ግፊት እንዲይዝ ተደርጎ መሠራት በጀመረ ጊዜ ግን ግፊቱ ሥራውን የሚያውክበት ሆነ። በ1930ዎቹ ዓመታት ሰርጂየስ ቬርኔት የተባለው ሰው የአልኮሉን ቦታ ለሰም ሰጠው፤ ሰም በሚቀልጥበት ጊዜ ይሰፋልና፣ ከመዳብ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ በትንሽ የናስ ጽዋ ውስጥ የታሰረው ሰም በመስፋቱ ዘንጉን እየገፋ በሩን ይከፍታል፤ ሲረጋም ሞላው በሩን መልሶ ይዘጋዋል። በቤተ ክርስቲያን ዐጻዌ ኆኅት ጊዜውን ጠብቆ እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ፣ ይህም መሣሪያ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ወደ ራዲያተር አያሳልፍም፤ ከሞቀ በኋላም የሚያሳልፈው በልክ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነው። የሞተር መፍላት የብዙ ሰው ጉዳይ የሆነው ግን የጭነት መኪና ከአሰብ ቆላ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በርን ሲወጣ፣ ወይም ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሲያዘግም ነው። እዚህ ላይ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ የጻፉት መሐንዲሶች ያላሰቡት አንድ የተፈጥሮ ምክንያት አለ። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በአዲስ አበባ በ92 ገደማ፣ በጣርማ በር አናት ደግሞ በ90 ገደማ ይፈላል፤ በ82 ዲግሪ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ፈጽሞ የሚከፈተው ግን 95 ሲደርስ ነው። እንግዲህ የክዳኑ ላስቲክ ያረጀበትና ግፊት መያዝ የተሳነው መኪና፣ በሩ ፈጽሞ ሳይከፈት ውሃው ይፈላበታል። ሹፌሩ ይህን ስሌት ባያውቅም ውጤቱን ያውቀው ነበር፤ ረዳቱም ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጭ የወረደበትን ዳገት አይረሳውም። የወንዝ ውሃ ያለ ማጣሪያ እየተሞላ ዝገቱና አሸቦው ቴርሞስታቱን እንደ ተዘጋ ሲያደርቀው፣ መካኒኩ ነቅሎ ቢጥለውና መኪናው ዳገቱን ቢወጣ፣ ያየውን ለደቀ መዝሙሩ ማስተማሩ አያስነቅፈውም። ልማዱ በፍርሃት ብቻ የተጀመረ ሳይሆን በልምድ የተረጋገጠ ጥበብ ነበር።

የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ልማዱ መቀጠሉ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከአዲስ አበባ ብርድ የሚነሣ ሞተር ያለ ቴርሞስታት ብዙ መንገድ ሄዶም አይሞቅም። ከዚህም የከፋ አለ፤ በብዙ የኋለኛ ዘመን ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት በር ስላለው፣ የራዲያተሩን ሲከፍት የማለፊያውን ይዘጋል፤ ከተነቀለ ማለፊያው እንደ ተከፈተ ይቀርና ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል፤ ስለዚህ እንዳይፈላ ተብሎ የተነቀለበት ሞተር በዚያው ምክንያት ሊፈላ ይችላል። ውሃ የሌላት ቮልስዋገን እንኳ የአየሯን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቴርሞስታት ነበራት፤ ከእርሷም ብዙ ጊዜ ተነቅሏል።

ቴርሞስታቱን የመለወጡን ሥራ በቤት ማከናወን ለትዕግሥተኛ ሰው ከባድ አይደለም። ሞተሩ በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ ከበረደ በኋላ ውሃው በንጹሕ ዕቃ ይቀዳል፤ ቱቦው ተላቆ የቤቱ ብሎኖች ሲፈቱ አሮጌው ይወጣል፤ የድሮው ጓርኒሲዮን ፍርፋሪም አሉሚኒየሙን ሳይቧጭሩ በጥንቃቄ ይጠረጋል። አዲሱን ከመግጠም በፊት በድስት ውሃ ውስጥ፣ የድስቱን ታች ሳይነካ በክር አንጠልጥሎ መጣድ መልካም ነው፤ 82 የተጻፈበት ከሆነ ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ ጠርዙ ከመቀመጫው ቀስ ብሎ ሲለቅ ይታያል፤ ያልተከፈተውን ለሻጩ መመለስ ነው። ሲገጠም ሞላው ያለበት ወገን ወደ ሞተሩ፣ ትንሿ የአየር ቀዳዳም ወደ ላይ ትሆናለች። ከዚያ ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ይሞላል፤ ክዳኑ ክፍት ሳለ ሞተሩ እየሠራ አረፋው እስኪያልቅና የላይኛው ቱቦ በድንገት እስኪሞቅ ድረስ ይጠበቃል። የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ ከተገኘም አብሮ ይለወጣል፤ ያለዚያ ቴርሞስታቱ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን በአዲስ አበባ ውሃው በ92 ዲግሪ መፍላቱ አይቀርም።